የመርዶ አውቶቡስ

የሞትኩት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ከፋሲካ ዕረፍት በኋላ ትምህርት በተከፈተበት ቀን። ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ልንገራችሁ፤ ሰው ዝም ብሎ ከመሬት ተነሥቶ አይሞትም።

የምንኖረው ቱሉ ወርጌ ነው፣ ብሎክ ዘጠኝ። ከተማው ሲገፋን ሲገፋን መጨረሻ ላይ ያረፍንበት ኮንዶሚኒየም ነው። መጀመሪያ የገባን ጊዜ ከመስኮቴ ስንዴ ይታይ ነበር፣ አሁን ብሎክ አሥራ ሁለት ይታያል። ሥራዬ ሹሩባ ነው፤ ምድር ቤት አንድ ክፍል አለችኝ፣ ሁለት ወንበርና አንድ መስታወት። ልጄ ሲፈን ትባላለች፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ሞቷል፤ እሱ የምሩን ነው የሞተው።

አውቶቡሳችን ሹፌርም ረዳትም የለውም። የሚናገረው በሩ ነው። የሴት ድምፅ አለው፣ ትሕትናው ደግሞ ለጉድ ነው። መታወቂያህም ገንዘብህም ያለባትን የእጅ አምባርህን ታሳየዋለህ፣ «እንደምን አደሩ» ይልሃል፣ ይከፍታል። ካልከፈተም «መልካም ቀን» ብሎ ነው የሚተውህ። አንድ ጊዜ እንኳ ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም። ሰው ቢሆን ኖሮ ተሰዳድበን ይወጣልን ነበር።

ያን ዓመት የቅርበት ደንብ ወጣ፤ የሚሠራው ከፋሲካ ዕረፍት ማግሥት ጀምሮ ነው። ልጅ የሚማረው አሳዳጊው ከሚኖርበት ቤት አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ አልፎ ሊሄድ ቢል በር አይከፈትለትም። ደንቡን ያወጣው የጉዞ ድልድል የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ድሮ ወላጅ ትምህርት ቤት ይመርጥ ነበር፣ ሁሉም ደግሞ የሰፈሩን ትቶ የሌላውን ነበር የሚመርጠው። የኛ ልጆች ወደ እነሱ፣ የእነሱ ወደ ሌላ። ጠዋት ጠዋት ከተማው በልጅ ይታነቅ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አጠና፣ አጠናና የጠዋቱ መንገደኛ ግማሹ ቦርሳ ያዘለ ልጅ ነው አለ። በዚህ አልከራከርም፤ እኔም በሰው ብብት ሥር ቆሜ ስሄድ አይቼዋለሁ። ግን ትምህርት ቤቶቹን እኩል ከማድረግ በሩን መዝጋት ቀለላቸው። የግል መኪና ያለውን ደንቡ አይነካውም፤ እሱ በሩን ራሱ ይከፍታል።

የኛ ቅርብ ትምህርት ቤት ከሱቄ ሁለት በር አልፎ ነው። አዳራሽ ነው። ልጆቹ ግድግዳ ፊት ይደረደራሉ፣ ግድግዳው ያስተምራል፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ እንዳይተኙ ትዞራለች። ልጅ እጁን አውጥቶ ሲጠይቅ ግድግዳው «ጥሩ ጥያቄ ነው» ይልና ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። ፀጉር እየሠራሁ በቀን ስንት ጊዜ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ሲል እንደምሰማ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሲፈን የምትማረው ቀበና ነበር። ተፈትና ነው የገባችው። እዚያ በእግሩ የሚሄድ አስተማሪ አለ፣ ጠመኔ አለ፣ የሚቃጠል ነገር አለ። መምህር ጉዲና የሚባል የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበራት፤ ልጆቹ ፊት ቅንድቡን አቃጥሎ «አሁን የት እንደተሳሳትኩ ንገሩኝ» ያለ ሰው ነው። ሲፈን ማታ ስትመጣ ልብሷ ድኝ ድኝ ይሸታል። እኔ እሱን ሳሸት ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጄ አንድ ነገር ነክታ መምጣቷ ነው።

ያን ሰኞ ፌርማታው ላይ ቆምን። አውቶቡሱ መጣ፣ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። ሲፈን አምባሯን አሳየች።

«ሲፈን ልጄ፣ ያንቺ ትምህርት ቤት በእግርሽ የሚደረስ ነው» አለ በሩ። «መልካም ቀን።»

ሲፈን አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ ቆመች። በሩም ታገሠ። ከኋላ ያሉት «ኧረ ረፈደብን» ማለት ጀመሩ። እግሯን አነሣችና ወደ እኔ ዞረች።

«እማ፣ በር ይከሰሳል?»

«አይከሰስም።»

«እንግዲያ ቀበና ሳምንት ከቀረሁ ቦታዬን ለተጠባባቂ ነው የሚሰጡት። ነግረውናል።»

ይኼን ያለችው ሳታለቅስ ነው። ብታለቅስ ኖሮ አባብያት ወደ ቤት እንገባ ነበር። ስላላለቀሰች ደሜ ፈላ። በእግሯ ትሂድ እንዳልል በዕረፍቱ ሞክረነው ነበር፤ ቀበና ስንደርስ የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። «እዚሁ ጠብቂኝ» አልኳትና የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሙዘይን ዘንድ ሄድኩ።

በዚህ ከተማ በር የማይጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለቅሶ። በሮቹ ሥራ በጀመሩ ሰሞን አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ለቀብር ተሰልፎ «ጉዞዎ አስቸኳይ አይደለም» ተባለና አስከሬኑ ያለ ሰው ተቀበረ። ከዚያ በኋላ የተነሣውን ቁጣ ሁሉም ያስታውሰዋል። ባለሥልጣኖቹም እድርተኞች ናቸው፤ የገዛ እናቶቻቸው ናቸው አሉ ቤት አላስገባም ያሏቸው። ከዚያ ወዲህ የእድር ሊቀመንበር የሟችን ስምና መርዶ የሚነገርበትን ቤት በእድሩ አምባር ላይ ከተናገረ የእድርተኛው ሁሉ አምባር በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም በር ያልፋል። መርዶ ደግሞ በጠዋት ነው የሚነገረው፤ ትምህርት በሚገባበት ሰዓት።

ጋሽ ሙዘይን እድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ድስት ላይ ድስት ሲደራርቡ አገኘኋቸው። በሩ መናገር ሳይጀምር የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ።

«ጋሽ ሙዘይን፣ የእድሩን አምባር ፈልጌ ነበር።»

«ኢና ሊላሂ! ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም አልሞተም።»

የያዙትን ድስት አስቀመጡ። ነገሩን ነገርኳቸው። ሲፈንን ያውቋታል፤ የቴሌቪዥናቸውን ባትሪ የሠራችላቸው እሷ ናት።

«ሰው ሳይሞት ስም አልጠራም» አሉ። «ሟርት ነው። ደግሞ የማንን ስም ነው የምጠራው?»

«የኔን። ኤፍራታ ደንቡ። መርዶው ቀበና እህቴ ፋናዬ ቤት ይነገር፤ ቤቷ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። ልጆቹ መርዶ ነጋሪ ሆነው ይሄዳሉ።»

«አስተግፊሩላህ! ሴትዮ፣ አብደሻል?»

«ጋሽ ሙዘይን፣ እድር የተቋቋመው ለሰው ችግር ነው ወይስ ለሬሳ?»

ድስቱን መልሰው አነሡ። ከዚያ ድስቶቹን እያዩ «እንግዲያው ስሚኝ» አሉ። «ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። የኔ እድር ውሸት አያውቅም። ከሞትሽ በሥርዓት ነው የምትሞቺው፤ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ይወጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ግማሽ ሞት የለም።»

«ግማሽ አልጠየቅኩም» አልኳቸው።

ለፋናዬ ደወልኩላት። መጀመሪያ ሰደበችኝ፣ ቀጥላ ሳቀች፣ በኋላ «ልጅቷን ላኪያት» አለች። ጋሽ ሙዘይን አምባሩን ወደ አፋቸው አስጠግተው ስሜን ጠሩ። ያን ጊዜ ትንሽ ፈራሁ። የእድሩ ጥሩምባ በአምባሩ ሁሉ ላይ ጮኸ። የኔ አምባር ላይ ግን አልጮኸም፤ መብራቱ ጠፋ።

ቀጣዩ አውቶቡስ መጣ። ሲፈን ነጠላ አጣፍታ ዩኒፎርሟ ላይ ደርባለች፤ ከኋላዋ ቀበና የሚማሩት የብሎካችን ልጆች ሁሉ የእናታቸውን ነጠላ ለብሰው ተሰልፈዋል፣ ቦርሳቸው ከነጠላው ሥር አብጦ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ ሲፈን» አለ በሩና ወለል ብሎ ተከፈተ። ሲፈን ገብታ ከመስኮቱ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት። ሞቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለካ እዚህ የሚጠብቀኝ ሌላ ነው። ጥሩምባውን የሰማ ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ወደ ቤቴ ተምሟል። ድንኳኑ ሥር ተቀምጬ ለንፍሮው ስንዴ ስለቅም ነው የደረሱብኝ። ብሎክ አሥራ አንድ ያሉት እትዬ ሸጊቱ ደረታቸውን እየመቱ ሲገቡ ፊት ለፊት ተያየን። መጀመሪያ ጮኹ፣ ቀጥለው በነጠላቸው ጫፍ ጀርባዬን መቱኝ፣ ከዚያ አስቀምጬ ነገሩን አስረዳኋቸው።

«እንዲህ ነው?» አሉ። «በይ ከመጣሁማ አልቅሼ ነው የምሄደው። ያን ሁሉ ፎቅ በከንቱ አልወረድኩም።» ተነሡና ሙሾውን አወረዱት፦

«አልከፍትም ቢላት በሩ ለአንድ ልጅሽ፣
በሞት በኩል ዞረሽ አሳፈርሻት በእጅሽ።»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የሚለቀሰው ለኔ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ቀበናም እንደዚሁ ሆነ። ፋናዬ ልጆቹ በሯን ሲያንኳኩ ጎረቤት ያያል ብላ ለወጉ ጮኸች፤ ጮኸችና ማቆም አቃታት። ሲፈን አቅፋት ብዙ ቆማ ነው ወደ ክፍሏ የገባችው። ያን ቀን ስለ አሲድ ተማሩ።

ለቅሶ ሦስት ቀን ነው፣ ሦስቱንም ቀን ልጆቹ ተማሩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አንዲት ወጣት ሴት ድንኳኑ በር ላይ ቆማ «ነፍስ ይማር» አለች። «ይማር» አልናት። ጫማዋ ጭቃ ነው፣ ደረቷ ላይ የጉዞ ድልድል ምልክት አለ። የመጣችው ለምርመራ ነው። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ቆሞ መጠየቅ ነውር ነው፤ ያሳደጋት ሰው አለ መሰለኝ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ንፍሮ አቀረብኩላት። ዘግና ቀመሰች።

«ኬብሮን እባላለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «የሟቿን ቤተሰብ ማነጋገር ነበረብኝ።»

«ቤተሰቧ ቀበና ናት። ሟቿ ግን እኔ ነኝ። ንፍሮ ልጨምርልሽ?»

ስንዴው ትን አላት። እትዬ ሸጊቱ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላትና ውሃ ሰጧት።

ትንፋሿ ሲመለስ «ወይዘሮ ኤፍራታ፣» አለች፣ «ይኼ ጨዋታ አይደለም። በአምባር የሞተ ሞቷል። ሒሳብዎ ተዘግቷል፣ በር አያይዎትም፣ ጤና ጣቢያም ጭምር።»

«ለቀባሪው አረዱት አሉ። አንቺ ደግሞ ለሟቿ መጥተሽ ታረጃለሽ። ምን ልታደርጉ ነው፣ ሬሳ አሳዩ ልትሉን?»

ይኼን ስል ጋሽ ሙዘይን ከማዶ ቀና አሉ። ኬብሮን አየቻቸውና አንገቷን ደፋች። «እሱን የሚጠይቅ የለም» አለች። «የኔም እናት እድር አላት።»

«ታዲያ ምን ፈለግሽ?»

«የመጣሁት በልጅቷ ጉዳይ ነው። እናት ስትሞት ልጅ ወደ ቅርብ ዘመድ ትዛወራለች። ማሽኑ ራሱ ነው ያዛወራት። ሲፈን ከዛሬ ጀምሮ አድራሻዋ ቀበና ነው፣ አክስቷ ቤት። ስለዚህ ቅርብ ትምህርት ቤቷም…» ጨርሳ አላወጣችውም።

«ቀበና» አልኩኝ።

«ቀበና። በደንቡ መሠረት፣ ማንም ሊያስወጣት አይችልም።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ይኼን አላሰብኩትም ነበር። የኔ ሐሳብ ሦስት ቀን ነበር፤ ለሦስት ቀን በር ማስከፈት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል። ሕጋቸው ራሱን ጠልፎ ይወድቃል ብዬ በየት በኩል ላስብ?

«ግን» አለች ኬብሮን፣ «ወደዚህ አትመላለስም። በትምህርት ጊዜ በሩ የሚከፍትላት ከአክስቷ ቤት እስከ ትምህርት ቤቷ ብቻ ነው። እርስዎ ግን እስከ ነገ ጠዋት ‹ስሕተት ነበር› ካሉ ቅጣት የለም፤ ይነሣሉ። ሲነሡ ልጅቷም አብራ ትመለሳለች።»

«ወደ ግድግዳው።»

«ወደ ቅርብ ትምህርት ቤቷ» አለች፣ ፊቷን ሳታነሣ።

ሲፈን አመሻሽ ላይ በመጨረሻው የለቅሶ አውቶቡስ መጣች። ሹሩባ ቤቴ አስቀምጬ ፀጉሯን እየፈታሁ ነገርኳት። በመስታወቱ ውስጥ ነው የምንተያየው።

«ስለዚህ ምረጪ» አልኳት። «ልነሣ ወይስ እንደሞትኩ ልቅር?»

«አንቺ ምን ትበያለሽ?»

«እኔ የሞተ ሰው ነኝ፣ ሐሳብ የለኝም።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። «እማ፣ ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ? ሲያምሽስ? ሰው ሹሩባ ተሠርቶ በምን ይከፍልሻል?»

«በእንቁላል ይከፍለኛል። ይልቅ አንቺ እዚያ ግድግዳ ፊት ቁጭ ብለሽ ‹ጥሩ ጥያቄ ነው› ስትባዪ በየቀኑ በዚህ በር ከማይሽ አንድ ጊዜ ሞቼ ብገላገል ይሻለኛል።» ይኼንን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሏል። «እኔን በር ላይ አቁመው አንዱን ምረጪ ያሉኝ እነሱ ናቸው። ልጅሽን ወይ ትምህርቷን። እኔ ደግሞ ሁለቱንም እንዳልተው ሞቻለሁ። ሞቻለሁ ካልኩ ሞቻለሁ።»

«እንግዲያ አትነሺ» አለች ሲፈን። መስታወቱን ትታ ዞራ አየችኝ። «እስክጨርስ አትነሺብኝ።»

ጠዋት አራት ሹሩባ ሠርቼላት ሸኘኋት። ቶሎ እንዳይፈታ አጥብቄ ነው የሠራሁት። አውቶቡሱ ሲሄድ ደስታው ያን ሰኞ እንደነበረው አልነበረም፤ ድንኳኑ ሲነቀል አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጋሽ ሙዘይን ካስማውን ቀስ ብለው ነቀሉ።

የሞተ ሰው አኗኗር ይለመዳል። ደንበኞቼ በእንቁላል፣ በሽንኩርት፣ አንዳንዴም በከሰል ይከፍሉኛል። በር አያየኝም፤ ፌርማታው ላይ ብቆም አውቶቡሱ ሰው የለም ብሎ ያልፋል። ጥርሴን ሲያመኝ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ቆሜ ተመልሼ ቅርንፉድ ነከስኩ። ሰፈሩ ግን ያየኛል፤ «እንደምን አደርሽ፣ ሟቿ» ይሉኛል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ብሎክ አሥር ያለው ዳግም የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ ሞተ። ወንድሙ ጉለሌ አለው፣ ልጁ ጉለሌ ገባ። ቀጥሎ ልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እትዬ ሸጊቱ ሞቱ፤ «የሞተ ተጎዳ ሲሉ የኖሩት ዋሽተዋል» እያሉ ንፍሯቸውን ራሳቸው ቀቀሉ። ጋሽ ሙዘይን ስንዴ አለቀብኝ ብለው ይነጫነጫሉ፣ ግን ማንንም አልመለሱም። የጉዞ ድልድል ቱሉ ወርጌ ውስጥ ሞት በዛ ብሎ ሳይጨነቅ አልቀረም፤ አንድ ቀን አፍንጫቸውን የሸፈኑ፣ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች ላከብን። ደረጃ ለደረጃ ሲረጩ ውለው ደከማቸው። የሞቱት ወጥተው ውሃ አቀረቡላቸው።

አርባዬ ደረሰ። አርባም ለቅሶ ነው፣ በር ከሩቅ የሚመጣውንም ለቀስተኛ አይጠይቅም። ድንኳኑ ተተክሎ ሥራ ሲበዛ ትቼ ፌርማታው ላይ ቆምኩ። ከኔ ጋር ሌሎቹም ሟቾች ቆመዋል፤ ዳግም ሸሚዙን ተኩሷል። አውቶቡሱ መጣ፣ ሲፈን ወረደች። ነጠላዋ ከዩኒፎርሟ ላይ ነው፣ ሹሩባው ሳይፈታ ፀጉሯ ከሥሩ ግማሽ ጣት ያህል አድጓል። ከኋላዋ የክፍሏ ልጆች ወረዱ። ከልጆቹ ኋላ ቅንድቡ አንድ ብቻ የሆነ ረጅም ሰውዬ ወረደና ወደ እኔ መጥቶ እጄን ያዘ።

«እናቷ ሞታለች ሲሉኝ» አለ መምህር ጉዲና፣ «እንዲህ ዓይነት ልጅ ያሳደገችን ሴት ሳላያት በመቅረቴ አዝኜ ነበር።»

«አየኸኝ» አልኩት።

ሲፈን አቀፈችኝ። ድኝ ድኝ ትሸታለች። ቀኑን ሙሉ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ንፍሮ እየቃምን ነገረችኝ፤ ምን እንዳቃጠሉ፣ ማን እንደተደበደበ፣ ፋናዬ ስትተኛ እንደምታንኮራፋ። ከዚያ ሰዓቱ ደረሰ። ልጆቹ ተሰለፉ፣ እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ። በሩ እኔን አያየኝም፣ እሷን ግን አያት።

«ሲፈን ልጄ፣» አለ በዚያ በማይቆጣ ድምፁ፣ «እናትሽን ነፍስ ይማር። አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ሲፈን መወጣጫው ላይ እንደቆመች ዞራ አየችኝ።

«አሜን» አልኩ ጮክ ብዬ።

አውቶቡሱ ሄደ። እኔም ተመልሼ ካስማውን መንቀል የጀመሩትን ጋሽ ሙዘይንን ድንኳኑን ሩቅ እንዳያስቀምጡት ነገርኳቸው፤ ሰማንያዬ ፈተናዋ ባለቀ ማግሥት ነው፣ ከዚያ መንፈቄ አለ፣ ከዚያ ሙት ዓመቴ።